«ከፋሲካ በኋላ»ን ለመሻር የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ፣ በአትላንታና በሲያትል የምትገኙ፣ ዲግሪያችሁን ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ «ኮሪያ ሄጄ እንግሊዝኛ ላስተምር ነው» በማለት ዘመድ አዝማድ ያሰለቻችሁ ወንድሞችና እህቶች ሁሉ፤

የቃኘው ሻለቃ አያቶቻችን በ1951 እ.ኤ.አ. ቡሳን ወደብ ሲደርሱ አፖስቲል የሚባለውን የሰነድ ማረጋገጫ ማኅተም የጠየቃቸው ባይኖርም፣ ዛሬ ያለ አፖስቲል ወደዚያ አገር የመንግሥት ትምህርት ቤት ዝር ማለት ስለማይቻል፤

የቅጥሩ በር የሚከፈተው በአገሩ የትምህርት ዘመን እንጂ በእኛ የበዓል ቀን መቁጠሪያ ባለመሆኑ፤

የሐበሻ ቀጠሮ ከቀነ ገደብ ጋር በተጋጠመ ቁጥር የተሸነፈው ቀጠሮው መሆኑ በተደጋጋሚ ስለተረጋገጠ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፤ የተፈጻሚነት ወሰን

1. አዋጁ የሚመለከተው የመጀመሪያ ዲግሪና የአሜሪካ ፓስፖርት ያለውን ነው። ግሪን ካርድ የያዘ በዕልልታ ይሸኛል እንጂ አይቀጠርም።
2. ልጅ ሆኖ ከአዲስ አበባ የመጣ ዜጋ ለኮሪያ ሲያመለክት ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ መማሩንና እንግሊዝኛ ተናጋሪ በሆነው አገሩ በድምሩ 10 ዓመት መኖሩን ያሳያል።
3. ፎርሙን ከፍቶ፣ አይቶ፣ «ረጅም ነው» ብሎ መዝጋት እንደ ማመልከት አይቆጠርም።

አንቀጽ 2፤ ስለ ኮሪያ

1. ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ኤፒክ የተባለው የመንግሥት ፕሮግራም በዓመት ሁለት ጊዜ ይቀጥራል። በማርች ለሚጀምረው የትምህርት ዘመን ማመልከቻው የሚከፈተው ብዙውን ጊዜ በኦገስት መግቢያ ነው። ይኸውም ሐምሌ ሳይወጣ፣ ፍልሰታ ሳይገባ ማለት ነው።
2. በኦገስት መጨረሻ ለሚጀምረው ሁለተኛ መንፈቅ ደግሞ በፌብሩዋሪ መግቢያ ይከፈታል። ጥምቀት ካለፈ ገና ሁለት ሳምንት አይሞላውም፤ ዐቢይ ጾም ከፊት አለ፤ ፋሲካ ገና ነው። «ከፋሲካ በኋላ እሞላለሁ» ያለ ሰው ሲመለስ ሶል በሌሎች ተይዛለች።
3. ምደባ የሚሰጠው ወረቀቱን ቀድሞ ላስገባ ነው። ከተማ የሚያማርጥ ሰው መጀመሪያ ይፍጠን፣ ከዚያ ያማርጥ።

አንቀጽ 3፤ ስለ ጃፓን

1. ከኮሪያ ይልቅ ጃፓን ለሚመርጥ፣ በ1987 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ጄት የተባለው ፕሮግራም ከአሜሪካ አመልካቾችን የሚቀበለው በዓመት አንዴ ብቻ ነው። በመስቀል ሰሞን ይከፈታል፤ በኅዳር ይዘጋል። ቃለ መጠይቁ ከገና በኋላ ነው፤ ጉዞው በሐምሌ።
2. ያመለጠው ሰው ቀጣዩን መስቀል ይጠብቃል። ደመራው ለማንም ተብሎ ሁለቴ አይለኮስም።

አንቀጽ 4፤ ስለ ወረቀት

1. ፎርም በአንድ ቅዳሜ ይሞላል፤ ሳምንታት የሚፈጀው ወረቀቱ ነው። ለኮሪያ የዲግሪው ቅጂ በኖተሪ ተረጋግጦ ለአፖስቲል ወደ ስቴቱ ሴክሬተሪ ኦቭ ስቴት ይላካል። የኤፍ ቢ አይ የወንጀል ማጣሪያ ግን የፌዴራል ሰነድ ስለሆነ አፖስቲሉ የሚመታበት ዋሽንግተን፣ ስቴት ዲፓርትመንት ነው። ሁለቱን በአንድ ፖስታ አሽጎ ወደ ሜሪላንዷ አናፖሊስ የላከ ሰው ማጣሪያው ሳይታተም ይመለስለታል፤ የጠፋው ወር ግን አይመለስለትም።
2. መቸኮልም ወሰን አለው። ለኮሪያ የሚቀርበው የወንጀል ማጣሪያ ከወጣ ስድስት ወር ካለፈው አያገለግልም።
3. የምስክርነት ደብዳቤ ከፕሮፌሰር ወይም ከአሠሪ ይጠየቃል። የክርስትና አባት በሰፈር የተከበሩ ቢሆኑም አይሆኑም።

አንቀጽ 5፤ ተቀባይነት የሌላቸው ምክንያቶች

ሠርግ፣ ሚዜነት፣ የሚዜ ልብስ ልኬት፣ ክርስትና፣ የጁላዩ የእግር ኳስ ፌስቲቫል፣ «እማዬ ፋርማሲ ተማር እያለች ነው» እና «ጓደኛዬም አብሮኝ ሊያመለክት ነበር»።

አንቀጽ 6፤ ቅጣት

1. ቀኑ ያለፈበት ሰው ዓመቱን ሙሉ በሚቀጥሩት፣ ሐግዎን በሚባሉት የግል ማስጠኛ ቤቶች እስከ ማታ እንዲያስተምር ወይም አንድ መንፈቅ እንዲጠብቅ ይፈረድበታል።
2. ሲጠብቅም በየለቅሶውና በየማኅበሩ «ኮሪያ መቼ ነው የምትሄደው?» እየተባለ ይጠየቃል። ይግባኝ የለውም።

አንቀጽ 7፤ የተሻሩ ልማዶች

«ሰሞኑን»፣ «ነገ ዛሬ ሳልል» እና «አንድ የማውቀው ልጅ አለ፣ እሱ ያስገባልኛል» ከዚህ አዋጅ ጋር እስከተቃረኑ ድረስ ተፈጻሚነት አይኖራቸውም።

አንቀጽ 8፤ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

አዋጁ ከተነበበበት ቅጽበት ጀምሮ የጸና ይሆናል። ለኮሪያ ከሆነ ትምህርት ከሚጀመርበት ወር ሰባት ወር፣ ለጃፓን ከሆነ ከጉዞው ወር አሥር ወር ወደ ኋላ ቁጠሩ። ያ ቀን ከቀረበ፣ ለኮሪያ የምታመለክቱ ዛሬውኑ የጣት አሻራችሁን ለኤፍ ቢ አይ ላኩ፤ ካለፈ ለሚቀጥለው ዙር ወረቀታችሁን ማሰባሰብ ጀምሩ።