የዓይን አፋሮች ትዳር በአማተር ቴአትር ክበብ፦ የመነሻ ጥናት

ስለ ትዳር የሚጽፉ ሰዎች ባልና ሚስት የት የት እንደሚተዋወቁ ሲዘረዝሩ ሠርግ ቤትን፣ ዩኒቨርሲቲን፣ መሥሪያ ቤትን አይረሱም። በየወረዳው ወጣት ማዕከል ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተኮራምቶ፣ በፎቶ ኮፒ ብዛት የደበዘዘ ጽሑፍ የሚያነበውን ሕዝብ ግን የጠቀሰው የለም። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ ነው። መላምቱም አጭር ነው፤ ዓይን አፋር ሰው ያጣው ድፍረት ሳይሆን ሌላ ሰው የጻፈለት ቃል ነው።

የታሪክ ዳራ

ዘመናዊ ቴአትራችን ራሱ ሲወለድ ዓይን አፋር ነበር። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ስለ ሹማምንቱ ያሰቡትን በራሳቸው አፍ ከመናገር ይልቅ፣ በ«ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ለእንስሳት አስባሉት። ቴአትሩ መታገዱ እንስሳቱ የሚገባውን ያህል ዓይን አፋር እንዳልነበሩ ያሳያል። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው ሀገር ፍቅር ደግሞ በመጀመሪያው ሰሞን የሴቶቹን ቦታ ወንዶች ይጫወቱ ስለነበር ለዚህ ጥናት የሚሆን ናሙና አልተገኘበትም።

ለውጡ የመጣው በ1967 ዓ.ም. ቀበሌዎች ተቋቁመው የኪነት ቡድን በየሰፈሩ ሲፈላ ነው። ወንድና ሴት ወጣቶች ከወላጅ ዓይን ርቀው፣ ያውም በመንግሥት ትእዛዝ፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ማምሸት ቻሉ። ጽሑፉ ከፊውዳሊዝም መገርሰስ በቀር ሌላ ነገር አያነሳም። ሁለት ዓይን አፋሮች «ጓድ» እየተባባሉ የሚተያዩት አስተያየት ግን ፊውዳሊዝምን የሚመለከት አልነበረም። ኋላ በጸረ ኤድስ ክበባት ድራማ ከፍቅረኞቹ አንዱ መጋረጃው ሳይዘጋ መሞቱ የተለመደ ነበር፤ ይህም ቢሆን በልምምድ መሐል የተጠነሰሰ ፍቅር ሲያቀዘቅዝ አልታየም።

የናሙናው ምደባ

ዓይን አፋር የክበብ አባላት በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው መጋረጃ ሳቢ ነው። «እኔ ለመድረክ አልሆንም» ብሎ የገባ ቢሆንም የአንዲት ተዋናይን ቃል ከራሷ ይበልጥ በቃሉ ይዞታል። ሁለተኛው አስታዋሽ ነው፤ ከመጋረጃ ጀርባ ተደብቆ ለሚወዳት ልጅ ማንሾካሾክ የተፈቀደለት፣ ባያንሾካሹክም የሚወቀስ ብቸኛ ፍጡር።

ሦስተኛውና ለጥናቱ ዋነኛው ባለ ጥጥ ጺሙ ነው። በአማተር ክበብ ወግ የሃያ ዓመት ልጅ ጥጥ በሙጫ አገጩ ላይ ተለጥፎበት አባት ይሆናል፤ የሃያ ዓመቷም ነጠላዋን አጣፍታ ሚስቱ ትሆናለች። ጺሙ እስካለ ድረስ ልጁ «ሴትዮ! ቡናው የታል?» ብሎ ጣሪያውን ያናጋል። ጺሙ ሲነሳ ያቺኑ ልጅ «ደህና ደሪ» ለማለት ጉሮሮውን ደጋግሞ ይጠርጋል።

አጥኚው በቅርብ የተከታተለው አንድ ናሙና ሙጫው አልለቅ ብሎት፣ ወይም እንዲለቅ ሳይፈልግ፣ ከነጺሙ ልጅቷን ታክሲ ተራ ድረስ ሸኛት። መሽቶ ስለነበር ረዳቱ ጥጡን እንደ ሽበት አይቶ «አባባ፣ ይግቡ! ለአባባ ቦታ ልቀቁ!» አለ። ልጁ በአባትየው ድምፅ «ሴትዮዋ ትቀመጥ» ሲል መለሰ። ልጅቷም ነጠላዋን አስተካክላ «እርስዎ ካልተቀመጡማ ደግ አይደለም» አለች። ጽሑፉ ቢመረመር እነዚህ ሁለት መስመሮች አልተገኙበትም። በኋላ የተጋቡት ሁለቱ ዛሬም ከተባባሉት የእውነቱ የቱ እንደነበር ሲጠየቁ እነዚህኑ መስመሮች ይጠቅሳሉ።

አሠራሩ

ቴአትሩ ለሕዝብ የሚታየው አንድ ቀን ነው፤ ልምምዱ ወራት ይፈጃል። ከልምምዱም አብዛኛው ጥበቃ ነው። ቁልፍ ያዡ አልመጣም፤ ሲመጣ መብራት ይጠፋል፤ መብራቱ ሲመጣ አዘጋጁ፣ ጋሼ፣ ስልክ ላይ ናቸው። ደረጃው ላይ አብሮ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ የግድ ማውራት አለበት፤ ርእሱም «ዛሬም አልመጡም» ስለሆነ ለዓይን አፋር አይከብድም። ጋሼ ደርሰው የመተቃቀፉን ትዕይንት «በድጋሚ!» ባሉ ቁጥር ሁለቱም ተገደው የሚታዘዙ መስለው ይታዘዛሉ።

ውይይት

ነገሩ አዲስ አይደለም። በወጋችን ሚስት የሚፈልግ ሰው ራሱ ተናግሮ አያውቅም። ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌዎቹ የሚሉትም፣ የልጅቷ ወገን «እንምከርበትና ቀን ቆርጠን እንጠራችኋለን» የሚሉትም አስቀድሞ ይታወቃል። ሙሽራው ቤቱ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ዝምታውም ጨዋነት ይባላል። ዓይን አፋርነት ችግር የሆነው «ራስህ ንገራት» የሚል ዘመን ሲመጣ ነው። ክበቡ ለዓይን አፋሩ የመለሰለት ያንኑ የተቀማውን ነገር ነው፤ ደራሲው ሽማግሌ ሆኖ ቃሉን ያበድረዋል።

የውሳኔ ሐሳብ

ወረዳዎች ክበባትን በትወና ጥራት መመዘን ሊያቆሙ ይገባል። መለኪያው ስሕተት ላይ እየጣላቸው ነውና። ባለ ጥጥ ጺሙ በተወዳደረበት ዓመት ዳኞቹ ቡናውን ሲቀበላት እጁ የተንቀጠቀጠውን አይተው፣ ሽምግልናን በሚገባ አሳይቷል ብለው ከፍተኛውን ነጥብ ሰጥተውታል።