ባለ ኮከቡ ግራፍ
ግራፍ ጥላና ቀለም ካልለበሰ ቁጥሩ የሚታመን አይመስልም፤ ለስብሰባ የሚቀርበው ክብ ግራፍ እንደ ድፎ ዳቦ ካላበጠ ማን ያጨበጭባል? በዚህ እብጠት የፊተኛው ቁራሽ ከድርሻው በላይ ገዝፎ ቢታይም፣ ያው ደስ ይላል። ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የግራፍ መሣያ ፕሮግራም ግኑፕሎት ግን፣ ምንም መስኮት ሳይከፍት፣ ተርሚናሉ ላይ በኮከብና በመሰል የጽሑፍ ምልክቶች ብቻ መሣል ይችላል። «80 ዓምድ በ24 ረድፍ በሆነ ስክሪን ላይ ምን ዝርዝር ይታያል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ጥቂት። የብሬል ነጥብ የሚጠቀሙ መሣሪያዎች እያንዳንዷን የፊደል ቦታ ለ8 ነጥብ ስለሚያካፍሉ ያው ስክሪን 160 በ96 ነጥብ ይሆናል፤ ለፖስተር ግን አሁንም አይበቃም። ጥያቄው የሩቁ ሰርቨር ሜሞሪ እየሞላ ነው ወይ ከሆነ ግን፣ ሽቅብ የሚወጣ የኮከብ ሰልፍ ይመልሰዋል። የቁጥሮቹ ፋይል ወርዶ፣ ኤክሴል ተከፍቶ፣ ቀለም እስኪመረጥ ሰርቨሩ ሊወድቅ ይችላል፤ ቀለሙ፣ መቼም፣ ያምራል።