ሁለተኛው መስመር

እዚህ ለንደን ሁላችንም እትዬ የምንላቸው እናት አሉን። ልጃቸውን ሲድሩ የዕድሩን ድንኳን፣ አግዳሚዎቹንና ያንን ለሁለት የሚነሳ ብረት ድስት ከመጋዘን አዳራሹ ድረስ የሚያደርስ ተፈለገ። «ተሳቢ ተከራይቼ እኔ አመጣዋለሁ» አልኩ። ማን ጠየቀህ በሉኝ፤ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት። ልቤን ያሳበጠችው ከመኪናዬ ኋላ ያለችው ጋንቾ ናት። መኪናዋ ታክሲ የምሠራባት ሃይብሪድ ነች፤ ጋንቾዋም ከፊተኛው ባለቤት ጋር የኖረች ናት፣ እኔ ምን እንደጎተተችበት አልጠየቅኩም።

ሕጉን ግን አጥንቻለሁ፤ ያውም ሌሊቱን፣ ሚስቴ «መብራቱን አጥፋ» እያለችኝ። እ.አ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1997 በፊት መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው መኪናና ተሳቢ ተደምረው እስከ 8,250 ኪሎ መንዳት ይችላል። የእትዬ ባለቤት ጋሼ ከነዚህ አንዱ ናቸው፤ መነጽራቸውን ሲፈልጉ ስለሚውሉ ግን ማንም ቁልፍ አያቀብላቸውም። ከዚያ ወዲህ ያወጣነው አብዛኛውን ጊዜ 750 ኪሎ ላይ ተገድበን ኖርን፤ ከባድ ተሳቢ ያማረው ሌላ ፈተና ይቀመጥ ነበር። በ2021 የከባድ መኪና ሹፌር ጠፍቶ ማደያው ሁሉ ሰልፍ በሰልፍ ሲሆን (እኔም ተሰልፌያለሁ፣ ስደርስ አልቋል)፣ መንግሥት ፈታኞቹን ለከባድ መኪና ፈተና ሊያስለቅቅ ብሎ ዲሴምበር 16 ላይ የተሳቢውን ፈተና አነሳው። አሁን ተራው መንጃ ፈቃድ እስከ 3,500 ኪሎ ያስጎትታል። የሚቆጠረውም የጫንከው ሳይሆን ተሳቢው እንዲሸከም የተፈቀደለት ሙሉ ክብደት ነው።

ይህን ሁሉ ለአከራዩ ሽማግሌ በቃሌ አነበነብኩለት። ከኋላዬ ውሻ የያዘች ሴትና ተራ የሚጠብቁ ሁለት ጎረምሶች አሉ፤ እነሱም ይማሩ ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። ሽማግሌው አስጨረሰኝና «መኪናህስ ስንት ትጎትታለች?» አለኝ።

«3,500!»

«እሱ ያንተ ነው። የመኪናዋን ነው የጠየቅኩህ።»

የሹፌሩን በር ከፍቶ ምሰሶው ላይ ያለችውን የፋብሪካ ሰሌዳ አሳየኝ። ያቺን በር በቀን ስንቴ እንደምከፍት እግዜር ይወቀው፤ ሰሌዳዋን ግን አይቻት አላውቅም። የመጀመሪያው መስመር መኪናዋ ከነጭነቷ የሚፈቀድላት ክብደት ነው። ሁለተኛው መኪናና ተሳቢ ተያይዘው የሚፈቀድላቸው ነው፤ ከሱ ላይ የመጀመሪያውን ስትቀንስ የምትጎትተው ይወጣል። የቀሩት ሁለቱ የፊትና የኋላ አክስል ናቸው።

የእኔዋ ሁለተኛ መስመር የላትም።

አቧራ ሸፍኖት ይሆናል ብዬ ተንበረከክሁና ጣቴን በምራቅ አርሼ ጠረግኩ። አሁንም የለም። በእጅጌዬ ደገምኩት። ውሻዋ ቀረብ ብላ ሰሌዳዋን አሸተተችልኝ፤ እሷም አላገኘችውም።

«እንዲህ ከሆነች ለመጎተት አልተፈቀደላትም» አለ ሽማግሌው፣ ረጋ ብሎ፣ የሐዘን ቤት ድምፅ አውጥቶ።

«ታዲያ ጋንቾዋ?»

«የብስክሌት መስቀያ ትሆናለች።»

ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሆነ ነገሩ። ለእህቴ ልጅ ደወልኩ፤ መንጃ ፈቃዱን ያወጣው ገና በቀደም ነው፣ ቀለሙ አልደረቀም። የአባቱን ናፍጣ መኪና ይዞ መጣ፤ ሰሌዳዋ ላይ ሁለተኛው መስመር ከሩቅ ይነበባል። ያ ሁሉ የሌሊት ጥናቴ ለካ ለሱ ኖሯል።

በዚህ ቢበቃኝ ደግ ነበር። ተሳቢ ከኋላው የጎታቹን መኪና ታርጋ መለጠፍ አለበት፤ እኔ ይህንንም አንብቤ በዋዜማው ሊብሬዬን ይዤ ሄጄ ቢጫ ታርጋ አሠርቻለሁ፣ አከራዩ ግቢም እንደደረስኩ ተሳቢዋ ላይ አስሬያታለሁ። ልጁ የራሱን አሠርቶ እስኪመለስ የእኔዋን ስፈታ፣ ጎረምሶቹ በትሕትና መፍቻ አቀበሉኝ።

መጋዘኑ ከከተማ ውጭ ነው፤ ጭነን ስንመለስ ሞተርዌይ ገባን። ተሳቢ የጎተተ እዚያ ከ60 ማይል አያልፍም፤ ሦስት መስመር ባለበትም ቀኝ ጫፉ ለሱ ክልክል ነው። ልጁ ሕጉን አክብሮ ይነዳል። እኔ ባዶ መኪና ይዤ ከኋላው አዘግማለሁ፣ ታርጋዬን ጋቢና አስቀምጬ። ስልኩ በመኪናዋ ድምፅ ማጉያ ጮኸ፤ እትዬ ናቸው።

«ልጄ፣ ድንኳኑን እየጎተትክ ነው?»

«ከኋላው አለሁ፣ እትዬ።»

«ተባረክ! ይኼን ሁሉ መንገድ ገፍተኸው?»