የፍሬቻ ቁጠባ

የአዲስ አበባ ሾፌር ቆጣቢ ነው። ፍሬቻ አያበራም፤ አምፖሉ እንዳያልቅበት ይሆናል። ወዴት እንደሚታጠፍ ማወቅ የፈለገ፣ ከታጠፈ በኋላ ይየው! ክላክስ ላይ ግን እጁ አይሰስትም፤ አረንጓዴው ሳይበራ ከኋላችን ያስጮኸዋል። የትራፊክ ደንቡ ዜብራ ላይ ቅድሚያውን ለእግረኛ ሰጥቷል። ሾፌራችንም ደንብ አክባሪ ነውና እግረኛውን ገና በሩቁ ሲያየው ነዳጅ ይረግጣል፤ ቶሎ አልፎ መንገዱን ሊለቅለት። መሀል አስፋልት ላይ አቁሞ ከወዳጁ ጋር ሲጨዋወት ደግሞ አራቱንም ፍሬቻ ቦግ ያደርጋል፤ ያኔ ቁጠባ የለም። መገናኛ ላይ ሁሉም «እኔ ልቅደም» ብሎ ተቆላልፎ ሲቆም፣ ቀዳሚው ያው በእግሩ የሚሄደው ነው። ጌታዬ፣ ከመኪናዎ የወረዱ ዕለት እርስዎም እግረኛ ነዎት።