ውዳሴ ኩበት

በአዲስ አበባ አዳራሾች ስለ ኃይል ጉባኤ በተደረገ ቁጥር አንዱ ተናጋሪ ተነሥቶ፣ ሀገራችን የምታመነጨው መብራት ከሞላ ጎደል ሁሉ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእንፋሎት የሚገኝ ንጹሕ ኃይል መሆኑን ሲያውጅና ታዳሚው ሲያጨበጭብለት፣ እኔን የሚያንገበግበኝ የውዳሴው ማጠር ነው፤ ተናጋሪው አምፖሉን ቆጥሮ ምድጃውን ረስቷልና። ሀገሪቱ ከምትጠቀምበት ኃይል ወደ 9 እጅ ከ10 የሚጠጋው እንጨት፣ ከሰልና ኩበት ሆኖ ሳለ፣ እንደ መንዝና ግሼ ያለ ደጋ ከክብር መዝገቡ መፋቁ ግፍ ነው።

ባለጸጋዪቱ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣችው ሕግ፣ ከመብራቷ 80 በመቶው በ2030 ከታዳሽ ምንጭ እንዲሆን ወሰነች፤ በ2023 የመጨረሻዎቹን 3 የኑክሌር ማመንጫዎች ዘጋች፤ ሊቃውንቷም ነገሩን እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። የመንዝ ወጥ ቤት ግን ያለ ሕግ፣ ያለ ክርክርና ያለ ብድር ከግቡ ደርሶ ተቀምጧል።

ምሥጢሩ ላሚቱ ናት። ወደ ሥራ ቦታዋ በእግሯ የምትሄድ፣ መለዋወጫዋን ራሷ የምትወልድ፣ አገልግሎቷም ሲያበቃ ዝጋ በመቅረት ፋንታ ለፋሲካ ቅርጫ የምትውል ማመንጫ የትኛው መሐንዲስ ነድፎ ያውቃል? ስለዚህ ወግ ማዕረጓ ይጠበቅላት፦ ሚኒስትር መጥቶ ከቀንዷ እስከ ጭራዋ የተዘረጋውን ሪባን ይቁረጥ፤ በሻኛዋም ላይ የመሠረት ድንጋይ ይቀመጥላት፤ ድንጋዩም እንደ ብዙ መሰሎቹ እዚያው ይቅር። ጀርመኖች የፀሐይን ኃይል የሚያከማቹበት ባትሪ ፍለጋ ሲደክሙ፣ የእኛ የጣቢያ ሥራ አስኪያጅ፣ ይኸውም የቤቱ እመቤት፣ በባዶ እጇ ጠፍጥፋ በድንጋይ ካቡ ላይ በመለጠፍ የክረምቱን ስንቅ ታከማቻለች። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ በተጓዘው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር መብራት ለኬንያ እንደሚሸጥ ሁሉ፣ ኩበቱም በአህያ ተጭኖ ናይሮቢ ይዝለቅ፤ ዝናብ ያገኘው እንደ ኃይል መቆራረጥ ተቆጥሮ ዋጋው ይቀነስ፤ ለአህዮቹም የማስተላለፊያ ክፍያ በገብስ ይታሰብ።

ነፋሱማ አዳማና አሸጎዳ ሲደርስ ሜጋ ዋት ይባላል፤ መንዝ ላይ የሣር ክዳን ገፋፊ ነው።

ሽሙጡ ለጊዜው ይቆየኝ። ጭሱ የእናቶችን ዓይን ያቃጥላል፣ የሕፃናትን ሳንባ ይጎዳል፤ ለእርሻው ሊውል የሚገባው እበት ምድጃ ውስጥ ስለሚያልቅ ገብሱ ይቀጭጫል። በ2010 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2025 መብራት ለሁሉም እንዲደርስ ቃል የገባ ነበር። በዚያው ዓመት፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ 5150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የዓባይ ግድብ ተመረቀ፤ ገበሬውም ቦንድ ገዝቶለታል፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ምሰሶው ግን ከብዙው የገጠር ደጅ አልደረሰም።

ወደ ውዳሴዬ ልመለስ። የሚቀጥለው የንጹሕ ኃይል ጉባኤ በሐምሌ፣ ከ3000 ሜትር ከፍታ በላይ፣ ስለ ብርዱ በሩ በተዘጋ ወጥ ቤት ውስጥ ይሁንልን፤ የምሳው እንጀራ እርጥብ ኩበት በተማገደበት ምድጃ ይጋገር፤ በአቋም መግለጫውም ላይ የመፈረም መብት፣ ጽሑፉን ለማንበብ ዓይኑን መግለጥ ለቻለ ተሳታፊ ብቻ ይሰጥ።