ከራስ በላይ ነፋስ

ሄልሜት የተሠራው ለትራፊክ ፖሊስ መሆኑ እስካሁን ያልገባው ሞተረኛ ካለ፣ ለመንገዱ እንግዳ ነውና ይታዘንለት። የለመደው ሰው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ሄልሜቱን ክርኑ ላይ ያንጠለጥላል፤ ወይም ነዳጅ ታንከሩ ላይ አስቀምጦ በጭኑ ደገፍ ያደርገዋል። ከፊት የሚመጣ ሞተረኛ መብራት ብልጭ ሲያደርግለት ነገሩ ይገባዋል፤ አናቱ ላይ ጣል አድርጎ አደባባዩን በጨዋ ደንብ ያልፋል። ማሰሪያው? ማሰሪያው ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ ነው። ትራፊኩ ከሩቅ የሚታየው ባዶ አናት እንጂ ያልታሰረ ማሰሪያ አይደለም፤ ታዲያ ማሰሩ ትርፍ ድካም አይሆንም? አደባባዩ ሲታለፍ ሄልሜቱ ወደ ክርን ይመለሳል። በክርን ጥበቃ ረገድ እንኳ ማንም አይወቅሰንም።

ዓላማው ይህ ከሆነ ግዢውም ዓላማውን መምሰል አለበት። ጫማ ሊገዛ መርካቶ የወረደን ሰው ተመልከቱ። ያጠልቃል፣ ያወልቃል፣ አውራ ጣቱ የት ላይ እንደደረሰ በእጁ ጫን ጫን እያለ ይፈልጋል፣ ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይመላለሳል፣ «ተረከዜን ያዝ አደረገኝ» እያለ ሻጩን ያማርራል። የእግር ነገር ነው፤ በእግር ቀልድ የለም። ያው ሰው ሄልሜት ሊገዛ ሲመጣ ግን እንዴት ያለ ትሕትና ይወርድበታል! የሚጠይቀው ቀለሙን ብቻ ነው። ከሞተሩ ጋር የሚሄድ ቀይ ከተገኘ፣ ከጎኑ እሳት የሚተፋ ዘንዶ ከተለጠፈበት ደግሞ ይበልጥ፣ ነገሩ አለቀ። አልፎ አልፎ ነገረኛ አይጠፋም።

«ሳይዙ ስንት ነው?»

«ለሁሉም ይሆናል ወንድሜ፣ አታስብ።»

«ሰፋ አለኝ እኮ።»

«ሰፋ ያለው ነው የሚመቸው። አየር ያስገባል። ሲበርድህ ከሥሩ ኮፍያ ታደርግበታለህ። ወንድምህም ሲፈልግ ያደርገዋል።»

ነገረኛውም ይረታል፤ ከፍሎ ይወጣል። «ከራስ በላይ ነፋስ» የተባለው እንዲህ ላለው ሄልሜት ካልሆነ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ፈረንጆች መቼም ነገር ማካበድ ይወዳሉ። ጭንቅላት ይለካል ይላሉ፤ ያውም በልብስ ሰፊ ሜትር! ከቅንድብ ሁለት ተኩል ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ከጆሮ በላይ አልፎ፣ ከማጅራት በላይ ጎበጥ ያለውን ቦታ ዞሮ። 57 ወይም 58 ሳንቲሜትር የመጣለት በብዙዎቹ ፋብሪካዎች ሚዲየም ነው፤ 59 እና 60 ላርጅ። ይህም አይበቃቸውም። የሰው ራስ ክብም ሞላላም አለ፣ ስለዚህ ቁጥሩ ልክ ሆኖ ሳለ ግንባር ላይ አንድ ቦታ ነጥሎ የሚወጋ ሄልሜት የሌላ ሰው ነው፣ ሌላ ቅርጽ ሞክር ይላሉ። ይህ የሚታወቀው ደግሞ አድርገኸው ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት ስትቆይ ነው። (የኛ ባለሱቅ በሦስተኛው ደቂቃ «ትገዛለህ ወይስ ለሥራ ተቀጥረህ ነው?» ማለቱ የማይቀር ነው።) ጉንጭ ጨመቅ መደረግ አለበት። ሄልሜቱን ይዘህ ግራ ቀኝ ስታዞረው የግንባርህ ቆዳ አብሮት መሳብ አለበት እንጂ ሄልሜቱ ብቻውን መሽከርከር የለበትም። ማሰሪያውን አስረህ፣ የኋላ ጠርዙን ይዘህ ወደ ፊት ስበው፤ ከወለቀ መልሰው። ምቾት ሲሉ ዙሪያውን እኩል የሚይዝ ማለታቸው ነው። አዲስ ሲሆን ጠበቅ ቢል ምንም አይደለም፤ የውስጡ ስፖንጅ እየዋለ እያደረ ስለሚላላ ልኩን ያገኛል። እኛ ግን ከሱቅ ሲወጣ ጀምሮ የላላውን እንገዛለን። ጊዜ ቁጠባ ነው።

ይህን ሁሉ ጣጣ ካመጡት መካከል አንድ ሐኪም አለ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1935 የዐረቢያው ሎውረንስ የሚባለው ዝነኛ እንግሊዛዊ፣ በብስክሌት የሚሄዱ ሁለት ልጆችን እንዳይገጭ ሲያጠማዝዝ ከሞተሩ ተወረወረ። አናቱ ባዶ ነበር፤ ከስድስት ቀን በኋላ ሞተ። ካከሙት አንዱ ሂዩ ኬርንስ የሚባል የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነበር። «ምን ይደረግ፣ ቀኑ ደርሶ ነው» ብሎ ለቅሶ ደርሶ መመለስ ሲችል፣ ሰውየው መቁጠርና መመርመር ጀመረ። በ1941 የሞተረኞችን የጭንቅላት ጉዳት የሚመለከት ጥናት አሳተመ፤ የእንግሊዝ ጦርም በዚያው ዓመት መልእክተኛ ሞተረኞቹ ያለ ሄልሜት እንዳይነዱ አዘዘ። ለተራው ሰው ግዴታ እስኪሆን ግን እስከ 1973 ቆየ፤ ነገር ማጓተት የኛ ብቻ አይደለም። ለማንኛውም ጉዳዩ አይመለከተንም። እነዚያ መልእክተኞች የጦር ሜዳ ትእዛዝ ያደርሱ ነበር፤ የአዲስ አበባው ሞተረኛ የሚያደርሰው ቢበዛ ፒዛ ነው። ፒዛው ደግሞ በልኩ በተሠራ ሣጥን ገብቶ፣ በላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ ነው የሚሄደው። አንድም ቀን ሣጥኑ ሲወዛወዝ አይታይም።

አሮጌ ሄልሜት መግዛትም የኛ ጥበብ ነው። የሄልሜቱ ዋና ሥራ ያለው ከላይ በሚያብረቀርቀው ቅርፊት ሳይሆን ከሥሩ ባለው ነጭ ፎም ላይ ነው፤ ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ዓይነት ነው፣ ጠጠር ያለ። ምቱን የሚቀበለው ራሱ እየተጨፈለቀ ነው፤ አንዴ የተጨፈለቀ ቦታ ደግሞ ተመልሶ አይነፋም። አንድ ከባድ ምት ከቀመሰ በኋላ መጣል አለበት የሚባለው ለዚህ ነው። እኛ ግን ቅርፊቱ ካልተሰነጠቀ ምን አጣ? ጭረቱ ላይ አዲስ ስቲከር ይለጠፋል፣ ለሽያጭ ይቀርባል። «ምንም አልሆነም፣ እየው!» ይልሃል ሻጩ። እውነቱን ነው፤ ሄልሜቱ ምንም አልሆነም። የቀድሞው ባለቤት እንዴት እንደሆነ መጠየቅ ግን ነውር ነው።

የተሳፋሪው ነገር ብቻውን ይበቃል። ዲላም ሆነ ወላይታ ሶዶ በሞተር የሄደ ሰው ያውቀዋል። ለተሳፋሪ ከተረፈ፣ የሚተርፈው ጠዋት የሰውየው፣ ረፋድ ላይ የተማሪው፣ ከሰዓት የእመቤቲቱ ራስ የገባበት ነው። በአንዱ ላይ ሊወልቅ ይደርሳል፣ በሌላው ላይ ጆሮ ያጥፋል፤ የሁሉም የፀጉር ቅባት ግን በእኩልነት ተቀምጦበታል። ትናንት ሹሩባ የተሠራችውን ልጅ «አድርጊው» ማለት ድፍረት ነው፤ ሹሩባው ገንዘብ ወጥቶበታል። አንዳንዱ ባለሞተር ደግሞ ለተሳፋሪ የግንባታ ሠራተኛ ቆብ ይይዛል። ያ ቆብ የተሠራው ከፎቅ ለሚወድቅ ነገር ነው፤ ራሱ ለሚወድቅ ሰው ምን እንደሚያደርግለት ወደፊት እናየዋለን። ከሁሉ የማደንቀው ግን ያንን ሕግ አክባሪ ቤተሰብ ነው። አባት ሄልሜቱን አድርጓል፤ እናት ከኋላ ነጠላዋን ተከናንባለች፤ መካከላቸው አንድ ልጅ፣ ከፊት ታንከሩ ላይ ደግሞ ትንሹ፣ ዐይኑን በነፋስ ጨፍኖ። መንጃ ፈቃድ ያለው አባት ነው፤ ስለዚህ ራስ ያለውም እሱ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ግምገማ 61 ጥናቶችን አሰባስቦ፣ ሄልሜት በአደጋ የመሞትን ዕድል በ42 ከመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 ከመቶ እንደሚቀንስ አስልቷል። ይህን ለሞተረኛችን ብትነግሩት ፈገግ ይላል። «የተጻፈ ካለ ሄልሜት አያስቀረውም» ይላል። እምነቱን አከብራለሁ። የሚገርመኝ ጽሑፉ ሞተሩን አለመመልከቱ ነው። ማታ ማታ የፊት ጎማው በሰንሰለት ይታሰራል፤ ሰንሰለቱ ላይ ቁልፍ፣ መሪው ላይ ሌላ ቁልፍ፣ ከላይ ሸራ ይለብሳል። ሌባ ግን እንደ ሞት አይጻፍም መሰለኝ።

ያ ዘንዶ ያለበትን ሄልሜት የገዛው ሰውም ከሱቁ ከመውጣቱ በፊት ሻጩ ቁልፍ አሳይቶት ነበር። ሄልሜቱን አንዴ ጣል አድርጎ በመስታወት ያየው ሰው፣ ቁልፉን ከፈተው፣ ዘጋው፣ በሁለት እጁ ይዞ በኃይል ጎተተው፣ ወደ ብርሃን አውጥቶ አገላበጠው። ቀና ብሎም «ይሄ ላላ ብሏል፤ ሌላ አምጣልኝ» አለ።