አፈርን ከነነፍሳቱ የመግደል ጥበብ

ወረታ ላይ ጤና አዳም በዘይት ቆርቆሮ መትከል ቀላል ነው። ዘዴ የሚጠይቀው መግደሉ ነው። ይህን ምክር ሳይሸራርፍ የተከተለ ሰው አንድ ክረምት ይበቃዋል።

አንደኛ፦ አፈሩን ከሩዝ ማሳ አምጡ። የፎገራ ሜዳ ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ያቁራል፣ በጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ሩዝ የወደደው በዚሁ ጠባዩ ነው፤ ሥሩ ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ ይኖራላ! ጤና አዳም ይህን አይችልም፤ ስለዚህ ቆርቆሮውን ከታች እንዳትበሱት። ከሩዝ መፈልፈያው ጓሮ የተቆለለውን ኤክስ ጅግና የተባለ ሩዝ ገለባም አትቀላቅሉበት፤ አፈሩ ከተነፈሰ ልፋታችሁ መና ቀረ።

ሁለተኛ፦ ጠዋትም ማታም አጠጡ። ብዙ ሳትቆዩ ከአፈሩ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ትንኞች ብን ይላሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት እርጥቡ የላይኛው አፈር ላይ ነው፤ የሚፈለፈሉት ራሰ ጥቁር፣ ገላቸው እንደ ብርጭቆ የሚያሳይ ትሎች ሻጋታውንና ለጋ ሥሩን ይበላሉ። ላዩ ከደረቀ ስለሚያልቁ በፍጹም አይድረቅ። ድንች ቆርጦ አፈሩ ላይ አሳድሮ በነጋታው መገልበጥም ይቅርባችሁ፤ ትሎቹ ከሥሩ ተሰብስበው ይገኙና ምስጢሩ ይወጣል።

ሦስተኛ፦ ትልን ከትል አትለዩ። እግር የሌለው፣ ቀላ ያለው፣ ባለ ቀለበቱ የምድር ትል ለሥሩ አየር መግቢያ ይቆፍራል፣ የበሰበሰ ቅጠል ያብላላል። ወፍራሙ ነጭ፣ ራሱ ቡናማ፣ ደረቱ ላይ ስድስት እግር ያለው፣ ሲነኩት እንደ ማጭድ የሚጎብጠው ደግሞ የጢንዚዛ ልጅ ነው፤ ሥር ይቆረጥማል። እግር መቁጠር የሥራ ፈት ሥራ ነው፤ ሁለቱንም ርገጡ። ውሃው የበዛበት የምድር ትል፣ የርብ ወንዝ ሲሞላ ወደ ጉብታ እንደሚወጣ ሰው፣ ወደ ላይ ሲወጣ ካያችሁ «ወረረኝ!» ብላችሁ ጩኹ።

አራተኛ፦ አጠገቡ ያለው ቃሪያ ላይ ጉንዳን ሲመላለስ ጉንዳኑን ብቻ ርገሙ፤ ቅጠሉን እንዳትገለብጡ። ከጀርባው ክሽክሽ ሰፍሯል። ጉንዳኑ ክሽክሹን እንደ ፎገራ ላም ይጠብቃል፣ ጣፋጭ ፈሳሹን ያልባል። ቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጥብ ያላትን ጢንዚዛ ካገኛችሁ ቶሎ ግደሉ፤ ክሽክሹን የምትጨርሰው እሷ ናት። ልጇማ ጥቁር፣ ብርቱካንማ ነጥብ ያለው፣ መልኩ የሚያስፈራ ነው፤ በመልኩ ፍረዱበት።

አምስተኛ፦ ለበጋ ሽንኩርት ተገዝቶ የተረፈውን መድኃኒት በግምት ርጩ። ከተማችን የሩዝ ምርምር ማዕከል እንዳላት፣ የግብርና ባለሙያም እንደማይጠፋባት እርሱት። የጤና አዳሙ ቅጠል ቡና ስኒ ውስጥ እንደሚገባም አታስቡ።

በመስከረም ቆርቆሮው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አይኖርም። ጤና አዳሙም አይኖርም። ቡና ሲፈላ ልጅ ወደ ጎረቤታችሁ እትዬ ላኩ፤ ትል ከሞላበት ቆርቆሯቸው ቀንጥበው ይሰጧችኋል።